«ሽፋኑ ብረቱን አያጠነክረውም» ብሎ ሥራውን ለጀመረው ባለሙያ ምስጋና

የሊጥ ማውረጃችንን ቴፍሎን ለቀባልን ባለሙያ እጅህ ይባረክ እንላለን። ስቴንለስ ለማስቀባት ለምታስቡ ዳቦ ቤቶችና የጥገና ክፍሎችም እንጠቁማችኋለን። ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ፣ ስልኩን ለጠየቀን በውስጥ መስመር እንልካለን።

መጀመሪያ ልናመሰግነው የሚገባው ስለከለከለን ነገር ነው። አሮጌው ማውረጃ ባለ 2 ሚሊ ሜትር 304 (የተለመደ የስቴንለስ ዓይነት) ላሜራ ነበር። አዲሱ በ1.5 ሚሊ ሜትር ይሠራና የጎደለውን ጥንካሬ ሽፋኑ ይሙላው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እሱ ካርቶን ላይ አስልቶ አሳየ። ላሜራ ላለመጉበጥ ያለው አቅም ከውፍረቱ ኩብ ጋር ይሄዳል፤ በ2 ሚሊ ሜትር 2×2×2 ማለትም 8 የነበረው፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር 1.5×1.5×1.5 ማለትም 3.4 ገደማ ሊሆን ነው፣ ማለትም 58 በመቶው ይሄዳል። የ304 ግትርነት 193 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ገደማ ሲሆን ቴፍሎን የሴራሚክ ዱቄት ቢቀላቀልበትም ከጥቂት ጊጋፓስካል አያልፍም። በሁለቱም ገጽ 40 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ቢቀባ የሚጨምረው 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ላሜራው በ2 ሚሊ ሜትሩ ጸና። ከሽፋኑ የሚጠበቀው ሊጥ እንዳይጣበቅና ገጹ ቶሎ እንዳያልቅ ነው። የሴራሚኩ ዱቄት ቅቡ ውስጥ የሚገባው ንጹህ ቴፍሎን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ስለሚበላ ነው፤ ሲበዛ ግን ሽፋኑ ተሰባሪ ይሆንና እጥፋት ላይ ይሰነጠቃል።

አሠራሩን ብናይ፣ ብየዳውን አስተካክሎ ስለታም ጠርዞችን ሁሉ አድበለበለ፤ ፈሳሽ ቅብ ከስለት ላይ ይሸሻልና። በአሴቶን ካጸዳ በኋላ፣ ቅቡ እንዲይዝ ገጹን በአየር ግፊት በሚረጭ ብናኝ ያሻከረው (የነፋው) በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። በብረት ብናኝ የተነፋ ስቴንለስ ብናኙ ገጹ ውስጥ ተቀርቅሮ ይዝጋል፤ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የተሠራልን ዕቃ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣው በዚሁ ነበር። ደግሞ አንዱን ወገን ብቻ አይነፋም፣ እያገላበጠ ነው። ምቱ ገጹን ስለሚያጨናንቀው ቀጭን ላሜራ በአንድ ወገን ከተመታ ይጎብጣል።

ከዚያ ስስ ፕራይመር (ብረቱን የሚይዝ የመጀመሪያ ቅብ)፣ በላዩ የማጠናቀቂያው ቅብ፤ በአንዴ ወፍራም ከተቀባ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ቴፍሎን የሚቀልጠው 327 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ብረቱን ወደ 380 አድርሶ አሥር ደቂቃ ያህል አቆየው። ሙቀቱን የሚያነበው ከኦቭኑ አየር ሳይሆን ላሜራው ላይ ካሰረው ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ነው። ስቴንለሱ ትንሽ ቢጫ ቢመታም አያስፈራም፤ ክሮሚየም ከካርቦን ጋር እየተያያዘ ዝገት መቋቋሙን የሚያጣው ከ425 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ነው።

ፍተሻው ላይ ነው ባለሙያነቱ የታየው። በብዙ ቦታ የሚገኘው የቅብ ውፍረት መለኪያ በማግኔት የሚሠራ ሲሆን 304 ደግሞ ማግኔት አይስብም። ታጥፎ የጠነከረው ጥግ ግን ትንሽ ስለሚስብ መለኪያው ውሸት ቁጥር ያወጣል። እሱ የሚጠቀመው በኤዲ ከረንት (ብረቱ ውስጥ በሚቀሰቀስ ኤሌክትሪክ) የሚሠራውን ነው፣ እሱንም ካልተቀባ ቁራጭ ላይ ዜሮ አድርጎ። ከዚያው ላሜራ የተቆረጠ ናሙና አብሮ ቀብቶ ስለነበር አጥፎና በምላጭ ጭሮ የሞከረው በእሱ ላይ ነው። በመጨረሻ በእርጥብ ስፖንጅና በ67.5 ቮልት ቀዳዳ ፈለገ፤ ሽፋኑ ቀዳዳ ካለው ኤሌክትሪኩ በእርጥበቱ በኩል ወደ ብረቱ ያልፋል። ሁለት አገኘ፣ ሁለቱም ብየዳው ላይ። ለጥፎ አላለፋቸውም፤ ያንን ክፍል አስነስቶ እንደገና ቀባው።

ቀዳዳ እንዲህ የሚያሳስበው ስቴንለስ ራሱን የሚጠብቀው ኦክስጅን እያገኘ ስለሆነ ነው። በቀዳዳው የሊጥ ጨው ወይም በረኪና ከገባ ከሽፋኑ ሥር አየር ስለማያገኝ ብረቱ ይቦረቦራል። በሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ የብረት መፋቂያ አታስነኩት፣ በረኪናም አይፈስበት፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና የፕላስቲክ መፋቂያ ይበቃዋል።

አንድ ቅሬታ አለን፤ ቀስ ይላል። አምስት ቀን ብሎ ዘጠኝ ፈጀ። ኦቭኑም ከ1.2 ሜትር በላይ ስለማያስገባ፣ ረጅም ዕቃ ያላችሁ ተከፍሎ በብሎን እንዲገጠም አድርጋችሁ አሠሩ።