ወርቅዎን ከመሸጥዎ በፊት የሚያስፈትሹበት ሰው፦ ምስጋናና ጥቆማ

ፒያሳ ወርቅ በመፈተሽ ሥራ ላይ ላሉት ጋሼ ከልብ የመነጨ ምስጋናችን ይድረሳቸው። እጃቸው ይባረክ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ እዚህ አንጽፈውም፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

እኛ በወርቅ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። እሳቸውን የምንጠቁመው ከሁሉ በላይ በአንድ ምክንያት ነው፦ የፈተሹትን ወርቅ አይገዙም። ፈታሹም ገዢውም አንድ ሰው ሲሆን ካራቱ (የወርቁ የጥራት ደረጃ፤ ንጹሕ ወርቅ 24 ነው) ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ነው። ቅን ወርቅ ቤት ሞልቷል፤ ሻጩ ግን ቅኑን ከቅን ካልሆነው የሚለይበት መንገድ የለውም። ጋሼ የሚቀበሉት የፍተሻውን ሒሳብ ብቻ ስለሆነ ወርቁ 14 ሆነ 21 ለእሳቸው ያው ነው። ሁሉንም የሚሠሩት ደግሞ ባለቤቱ ፊት ነው።

መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር ማህተሙን ያያሉ። ቁጥሩ ከሺህ ስንቱ እጅ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ ይናገራል፦ 585 ማለት 14 ካራት፣ 750 ማለት 18፣ 875 ማለት 21፣ 916 ማለት 22 ነው። ማህተም ማንም ሊመታው ስለሚችል እሱን ብቻ አይተው አይፈርዱም። ትኩረታቸው ቶሎ የሚፋተገው ቦታ ላይ ነው፦ የሃብሉ ዓይኖች እርስ በርስ የሚነካኩበት፣ የጣት ቀለበት ጠርዝ፣ የመቆለፊያው አፍ። ዕቃው ወርቅ ቅብ ከሆነ እዚያ ጋ ከሥሩ ያለው ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። ማግኔትም ያስጠጋሉ፤ ነገር ግን መዳብና ነሐስም እንደ ወርቅ ሁሉ በማግኔት ስለማይሳቡ፣ “አልተሳበም” ማለት “ወርቅ ነው” ማለት አይደለም። የሃብል መቆለፊያ ውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ብዙ ጊዜ ብረት ናት፤ እሷ ብትሳብ አትደንግጡ።

ዋናው ሥራ ያለው ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነው። ዕቃውን ድንጋዩ ላይ ፋቅ አድርገው አጠር ያለ መስመር ያሰምሩበታል። ከጎኑ ጫፋቸው ካራቱ በታወቀ ወርቅ በተሠራ የመፈተሻ መርፌዎች የ14፣ የ18 እና የ21 መስመር ያሰምራሉ። ከዚያ አሲዱን በሁሉም መስመሮች ላይ አሻግረው ያስነኩና ይጠብቃሉ። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ወርቅን አይነካም፤ የተቀላቀለበትን መዳብና ብር ግን ይበላል። ነሐስ ከሆነ መስመሩ ወዲያው ወደ አረንጓዴ ሄዶ ይጠፋል። ለ18 ካራትና ከዚያ በላይ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተጨመረበትን ይጠቀማሉ። የእርስዎ መስመር ከ21ዱ መርፌ ቀድሞ ከደበዘዘ ካራቱ ከ21 በታች ነው፤ ከ18ቱ ጋር እኩል ከደበዘዘ 18 ነው። ልዩነቱን ቆመው በዓይንዎ ያዩታል።

ይህ ፍተሻ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ፤ የጋሼ ጥንቃቄም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ቅብ ድንጋዩ ላይ የሚተወው የላዩን ወርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱን አስፈቅደው በማይታይ ቦታ በቀጭን ሞረድ ትንሽ ገባ ይሉና ከውስጥ ያስነካሉ። የተሞረደውን ብናኝ ወረቀት ላይ አጠራቅመው ከዕቃው ጋር ይመልሳሉ። ብየዳም ያሳስታል፤ ብየዳው ቀድሞ እንዲቀልጥ ተብሎ ካራቱ ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል እሱ ላይ የተፈተነ ሃብል ያለጥፋቱ ዝቅ ይላል። እሳቸው አካሉን፣ መቆለፊያውንና የተጠገነውን ቦታ ለየብቻ ይፈትሻሉ። አሲዱም ሲቆይና ሲከፈት ሲዘጋ ኃይሉ ይደክማል፤ የደከመ አሲድ ደግሞ ዝቅተኛውን ወርቅ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ለዚህ ነው በየፍተሻው መርፌዎቹን አብረው የሚያሰምሩት።

ጥርጣሬ ካለ ውሃ ውስጥ ይመዝናሉ። ሚዛናቸው እስከ 0.01 ግራም ያነባል፤ ሲመዝኑ ማራገቢያ ይዘጋል። 20 ግራም የሚመዝን ዕቃ 18 ካራት ከሆነ ውሃ ውስጥ ክብደቱ በ1.3 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ ነሐስ ከሆነ ግን በ2.3 ገደማ። ውስጡ ባዶ የሆነ ሃብል አየር ስለሚይዝ በዚህ መንገድ አይፈተንም። ተንግስተን ደግሞ ክብደቱ ከንጹሕ ወርቅ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ጥፍጥፍ ወርቅ ሲመጣ በሚዛን ብቻ አያምኑም። ካራት የሚለካው የኤክስሬይ ማሽንም የሚያነበው ላይ ላዩን ነው፤ ፈጣን ቢሆንም ሞረዱን አይተካም።

በመጨረሻ የሚሰጡት ወረቀት ላይ ጠቅላላ ክብደት፣ የፈርጥና የስፕሪንግ ክብደት ተቀናንሶ የቀረው፣ ካራቱ እና የንጹሕ ወርቁ መጠን ተለይተው ይጻፋሉ። 12.40 ግራም የሆነ 21 ካራት ቢሆን 0.875 ተባዝቶ 10.85 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው ማለት ነው። በተለይ ከአረብ አገር ጥሪታቸውን በወርቅ ይዘው ለሚመለሱ እህቶቻችን ይህ ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ሲገዙ የከፈሉት የእጅ ዋጋ (ለአሠራሩ የሚከፈለው) ደረሰኙ ውስጥ አለ፤ እዚህ ሲሸጡ ግን ገዢ የሚከፍለው ለወርቁ ነው። ሒሳቡ ተለይቶ ሲቀመጥላቸው የጎደለው በእጅ ዋጋ ይሁን በካራት ያውቁታል።

የምትሄዱ ሰዎች ዕቃውን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ውሰዱ፤ እድፍም የታቆረ ውሃም ይመዝናል። ደረሰኝ ካላችሁ ያዙ። ሉል ወይም ሌላ ፈርጥ ካለበት ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሉል አሲድ አይችልም። ዋጋ አይነግሯችሁም፣ አትጠይቋቸው፤ ወረቀቱን ይዛችሁ የዕለቱን የግራም ዋጋ ሁለት ሦስት ወርቅ ቤት ጠይቁ።