የሶላር የውሃ ፓምፕ፦ ከሁለት የሽንኩርት ወቅት በኋላ

ቁም ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። የሶላር ፓምፑ ከቤንዚን ገላግሎናል። ያወጣንበትን ገንዘብ ግን ገና አልመለሰም። “በአንድ ዓመት ወጪውን ይመልሳል” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቁጭ አድርጋችሁ ሒሳብ አሠሩት። ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ከፓምፑ ዋጋ በፊት ማየት ያለባችሁ የገዛ ማሳችሁን ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ያለነው ሰሜን ሸዋ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ላብ በላብ ይሆናል። ሙቀት አለ፣ ወንዝ አለ፣ መሬቱም ይሰጣል። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ፣ ማሾና ማሽላ በዝናብ ይመረታል። የአባዬ የመስኖ ማሳ ከሁለት ጥማድ ትንሽ ይበልጣል፤ ግማሽ ሄክታር አለፍ ያለ ማለት ነው። ከወንዙ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው በቦይ ተጠልፎ አይደርሰውም። በሞተር መሳብ ግድ ነው። ለዓመታት የሳብነውም በቤንዚን ነበር።

የቤንዚንን ነገር ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ወደ ክልል ሲወጣ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል። ይሄ እንግዲህ የማደያው ዋጋ ነው። ገበሬ በዚህ ዋጋ የሚቀዳው ዕድል የቀናው ቀን ብቻ ነው።

ምክንያቱም የውሃ ሞተር እንደ ባጃጅ ተነድቶ ማደያ አይሄድም። ቤንዚኑ በጀሪካን ነው የሚመጣው። ማደያው “በጀሪካን አንቀዳም” ይላል። እሺ ብለህ የድጋፍ ደብዳቤ ታጽፋለህ። ደብዳቤው ሲገኝ ቤንዚኑ አልቋል። ቤንዚኑ ሲገባ ኔትወርክ የለም፤ ከ2015 ወዲህ ክፍያው በስልክ ነውና። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቦቴው ራሱ ድርሽ አይልም። ሽንኩርቱ ይሄን ሁሉ አይሰማም። ቅጠሉ የሚጠወልገው በሰዓቱ ነው። በመጨረሻ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ትገዛለህ፣ በእጥፍ ዋጋ። አንዳንዱ ላምባ ተቀላቅሎበታል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ይጠቁራል፣ አንዱን ካንዴላ አጽድተህ ሳትጨርስ ፀሐይ ትጠልቃለች። እኛን ያስመረረን ከዋጋው ይልቅ ይሄ ነው። ውድ ነገር ቢያንስ ሲከፈልበት መገኘት አለበት።

የገዛነው ዕቃ እንዲህ ነው። አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከውሃው ውጭ መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ። አራት ባለ 550 ዋት ፓኔል። አንድ ኮንትሮለር፣ ማለትም የፓኔሉን ኃይል ለሞተሩ እየመጠነ የሚሰጥ ሳጥን። ባትሪ የለውም። ፀሐይ ካለች ይሠራል፣ ከሌለች ይተኛል። የፋብሪካውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ተለጣፊው ብቻ የሚለያይ የቻይና ዕቃ ነው፤ የምነግራችሁ ነገር ለሁሉም ይሠራል። ዋጋው በእኛ ገበያ ከአንድ ጥማድ በሬ ብዙም አያንስም። የማሾው ሽያጭና የእናቴ ዕቁብ ተደምረው ነው የተገዛው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ የመጣ ዕቃ ስለሆነ ከዚያ በፊት የገዙት ጎረቤቶች ዋጋውን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ይመጡልናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሶላር ፓምፕ ውሃ ቀጭን ነው።

ይሄን ማንም ሻጭ አይነግርህም። በበርሜል ለካነው። የቤንዚኑ ባለ ሦስት ኢንች ሞተር 200 ሊትሩን በርሜል በሃያ ምናምን ሰከንድ ይሞላዋል። ሶላሩ በጠራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወደ ሃምሳ ሰከንድ ይፈጅበታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። በቀን ተደምሮ ሲታይ ውሃው ቀላል አይደለም፤ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለማቋረጥ ይገፋል። ችግሩ ትልሙ ላይ ነው። የእኛ ትልም ረጅም ነው፣ ለሞተር ጉልበት የተሠራ። ቀጭኑ ውሃ ሲለቀቅበት ግማሹ ላይ ሳይደርስ አፈሩ ይጠጣዋል። ራስጌው ያለው ሽንኩርት ይጨቀያል፣ ግርጌው ያለው ይሰነጠቃል። አባዬ የመጀመሪያውን ሳምንት አካፋውን ተደግፎ ውሃውን እያየ “ይሄ ነገር ይሸናል እንጂ አያጠጣም” ይል ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው፣ ሁለቱንም አደረግን። አንደኛ፣ ትልሙን ለሦስት ቆረጥነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ መጋቢ ቦይ አለው። ሁለተኛ፣ ከማሳው ራስጌ ጉድጓድ ቆፍረን ጂኦመምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ፣ አነጠፍንበት፤ 60 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ እሱን ይሞላል። አመሻሽ ላይ ጉድጓዱ በወፍራም ቱቦ ሲከፈት ውሃው እንደ ድሮው እየጋለበ ይወርዳል። ማታ ማጠጣቱ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው፤ በእኛ ሙቀት ከቀትር ውሃ የተወሰነው ተንኖ ይቀራል። የጂኦመምብሬኑና የቁፋሮው ወጪ ግን ሻጩ በሰጠን ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። የእናንተ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ያለ ጉድጓድ የሶላር ፓምፕ መግዛት ለእኔ ግማሽ ዕቃ መግዛት ነው።

አቀማመጡም ያስቸግራል። መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃን ለመግፋት ጎበዝ ነው፣ ለመሳብ ሰነፍ። ከስድስት ሰባት ሜትር በታች ያለ ውሃ አይመጣለትም። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ደጋ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ፓምፑን ወንዙ አፍ ድረስ አውርዶ ወደ ላይ እንዲገፋ ማድረግ ነው። ወንዝ አፍ ያለ ፓምፕ ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ይሄዳል። ላይ ሸንተረሩ ሲጠቁር ካየን አንድ ሰው ሮጦ ያወጣዋል። ደለል ሲበዛ ደግሞ የመሳቢያው ጎማ ጫፍ ላይ ያለው፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ፉት ቫልቭ በቅጠልና በአሸዋ ይታፈናል። እኛ ቀዳዳ የበዛለት አሮጌ ባልዲ ውስጥ ከተን በጠጠር ከበብነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ስለ ፀሐዩም አንድ ነገር ልበል። ሙቀትና ብርሃን አንድ አይደሉም። ፓኔል የሚወደው ብርሃኑን ነው። ሲግል ይደክማል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለጨመረችው ለእያንዳንዷ ዲግሪ ጉልበቱ በመቶ 0.4 ገደማ ይቀንሳል። ግንቦት ላይ ፓኔሉ እጅ ሲያቃጥል ውሃው ቀነስ ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ። የበልግ ደመና ሲመጣ ፓምፑ ቆም ቀጠል ይላል። አባዬ መጀመሪያ ይበሳጭ ነበር። በኋላ ግን ደመና ባለበት ቀን ሽንኩርቱም ብዙ ውሃ እንደማይፈልግ ራሱ ነው ያሳየኝ። አቧራ ሌላ ጣጣ ነው። በበጋ በየሦስት አራት ቀኑ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፣ ጠዋት ሳይግል። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ።

ከዚህ ሁሉ መሀል የተበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ኮንትሮለሩ። አንድ ቀን ጠዋት መብራቱ በራ፣ ሞተሩ ግን ጭጭ። ሻጩ ጋ ስንደውል ዋስትና አለው ተባለ። ግን ዕቃው ወደ አዲስ አበባ ይላክ፣ ይታይ፣ ከዚያ ይታሰብበታል። ራስ እየቋጠረ ያለ ሽንኩርት ይዘህ “ይታሰብበታል” ምን ይሠራልሃል? ከተማ ያለ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሳጥኑን ሲከፍተው አንዲት እንሽላሊት ሰርኪዩቱ ላይ ደርቃ ተጣብቃለች። ሙቀት ፍለጋ ሌሊት በኬብሉ ቀዳዳ ገብታ ሁለት መስመር አገናኝታለች። ጠጋኙ አጽድቶ፣ አንድ የተቃጠለ ነገር ቀይሮ በዚያው ቀን መለሰልን። ቀዳዳውን አሁን በሲሊኮን ደፍነነዋል። ገና ከካርቶኑ ስታወጡት ድፈኑት።

ሌብነትን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፓኔሉ አንዱ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በየማታው ተሸክሞ ቤት ማስገባት የሚቻል አይደለም። ብረት ቋሚ አስበይደን፣ ብሎኑን ራሱን በብየዳ አስበላነው። ማሳ ጠባቂ ድሮም ነበረን። እስካሁን ደኅና ነው።

ጎረቤትም አለ። የቤንዚን ሞተር ሲከራይ ወጉ የታወቀ ነው፤ ተከራዩ ቤንዚኑን ይዞ ይመጣል፣ የሰዓቱን ይከፍላል። በሶላር ጊዜ ግን ነገሩ ይምታታል። አጎቴ የእሱን ችግኝ እንድናጠጣለት መጥቶ አባዬ ስለ ክፍያ ሲያነሳበት “ፀሐይዋ የእግዜር፣ ወንዙ የእግዜር፣ ታዲያ አንተ የምታስከፍለኝ የምንህን ነው?” አለው። ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም። አሁን በጉልበት ነው የምንለዋወጠው፤ ውሃ የወሰደ ሰው አረም ሲደርስ ይመጣል። እኔ እንኳ በብር ቢሆን እመርጥ ነበር፣ ግን የሚሰማኝ የለም።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የቤንዚኑ ሞተር በሰዓት ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ይጠጣል። ማሳችንን አንዴ ለማዳረስ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ወደ አሥር ሊትር ማለት ነው። በ101 ብሩ ዋጋ እንኳ አንድ ውሃ ሺህ ብር ነው። ሽንኩርት ከተከላ እስከ ነቀላ ሦስት ወር ከምናምን ይቆያል፣ መጀመሪያው ላይ በየአራት አምስት ቀኑ፣ በኋላ በየሳምንቱ ይጠጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ስንተክል የሃይላንዱን ዋጋ፣ ዘይቱን፣ የካርቡሬተር ጥገናውን ጨምራችሁ አስቡት። በእኔ ስሌት የፓምፑና የጉድጓዱ ወጪ የሚመለሰው በሦስት ወይም በአራት ዓመት ነው። አንድ ጥማድ ብቻ ላለው ሰው ከዚያም ይዘገያል፤ ለሁለት ሦስት ሆኖ መግዛት ይሻለዋል።

የሶላር ፓምፕ የማይነካቸው ወጪዎች አሉ፣ እነሱም እያደጉ ነው። ሽንኩርቱን አዲስ አበባ የሚያደርሰው አይሱዙ በናፍጣ ነው። የትራክተር ኪራይ በናፍጣ ነው። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ያለው ወፍጮ ቤትም እንዲሁ፤ የናፍጣ ዋጋ በጨመረ ማግስት የኩንታሉ ማስፈጫ ይጨምራል። ደላላው ይሄን ሁሉ ከሽንኩርቱ ኪሎ ላይ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ከነዳጅ ወጥተናል ማለት አልችልም። ማሳው ወጥቷል፣ ምርቱ አልወጣም።

የድሮውን ሞተር አልሸጥነውም። ችግኝ በሚተከልበት ቀን ማሳው በሙሉ በአንዴ መራስ አለበት፤ ያን ቀን ሶላሩ አይበቃም። ፓምፑ በጎርፍ ሰሞን ከወንዙ ሲወጣም ያስፈልጋል። አንድ ጀሪካን ቤንዚን ለወቅቱ ይበቃናል። ያንን ያህል ደግሞ ተለምኖም ይገኛል።

ለማን ይሆናል? ውሃው ከስድስት ሜትር በላይ ላልጠለቀበት፣ ማሳው ራስጌ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍርበት ቦታ ላለው፣ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ለሚያመርት ሰው እመክራለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ከውሃው እስከ ፓምፑ፣ ከፓምፑ እስከ ማሳው ራስጌ ያለውን ከፍታ ለዩና ለኩ፤ ሻጩ “ስንት ሜትር ነው?” ብሎ ካልጠየቃችሁ ወደ ሌላ ሱቅ እለፉ። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ኮንትሮለሩ የት እንደሚጠገን ጭምር። መንዝና ሞላሌ አካባቢ ያላችሁ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ያላችሁ ሰዎች ግን ይሄኛውን አትግዙ። የእናንተው ውሃው ውስጥ የሚሰጥመው ዓይነት ነው፤ እሱን የሞከረ ሰው ቢጽፍበት እኔም አነባለሁ።