ለዓሣ ገንዳዬ የገዛሁት ፓውዛ

የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኔ ውስጥ 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አለኝ፤ ልቤ ያለው ግን ከዓሣዎቹ ይልቅ ተክሎቹ ላይ ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ቫሊስኔሪያ ናቸው፣ ብዙ የማያስቸግሩት። እስካሁን ሁለት መብራት ሞክሬላቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ቀጭን ነገር ነው፣ ሰማያዊና ሮዝ አምፖል የተደረደረበት። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ባለ ገንዳ ላይ ሲያበራው ዓሣዎቹ ተብለጨለጩ፣ እኔም ፈዝዤ ቀረሁ። «ወንድሜ፣ ለተክል ተብሎ የተሠራ ነው» አለኝ። ካርቶኑ ላይ ሉመን (የብርሃኑ መጠን) የለ፣ ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም) የለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቤት ስወስደው ዓሣው አማረ፣ ተክሉ ከሳ። ቫሊስኔሪያው አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ተወ። ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ተክል ይወዳል፣ ይሄ እውነት ነው፤ የኔው ግን ጉልበት የሚባል ነገር አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ውስጡ ጤዛ ያዘና ግማሹ ጠፋ። መልሼ ወሰድኩት። ሻጩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

እንደተናደድኩ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገባሁና 20 ዋት ፓውዛ ጠየቅኩ፣ ነጩን፣ 6500 ኬልቪን የሚለውን። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ለግቢ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ለዓሣ ነው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ሌባ አስቸገራቸው እንዴ?» አሉ።

ዋጋው የዚያኛውን ግማሽ አይሞላም። ካርቶኑ 1600 ሉመን ይላል፤ ለ60 ሊትር ሲካፈል በሊትር 27 ገደማ ይመጣል። እንደኔ ላሉ ቀላል ተክሎች በሊትር 20 ሉመን አካባቢ በቂ ነው፣ በግምት ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም የገንዳው ጥልቀትና የመብራቱ ከፍታም ይወስናሉ። ከ40 ካለፈ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካልጨመራችሁ ብርሃኑን የሚበላው አልጌ ነው፣ መስታወትና ቅጠል ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር። ቢጫውን፣ 3000 ኬልቪን የሚለውን ብትገዙ ተክሉ አይሞትም፣ ውሃው ግን ሻይ ይመስላል።

ጥፋት አላጠፋሁም አልልም። መብራቱ ጠንካራ ነው ብዬ ተደስቼ በቀን ለ11 ሰዓት አበራሁት። በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ፣ አኑቢያሱ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የመሰለ ነጠብጣብ ወጣ። አኑቢያስ አዝጋሚ ነው፤ አንዱ ቅጠል ወራት ስለሚቆይ አልጌው ተደላድሎ ይቀመጥበታል። ፓውዛውን ከውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩትና ወደ 6 ሰዓት ቀነስኩት፣ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 4። ከዚያ ወዲህ ተረጋጋ። አንድ ጠዋት ከቫሊስኔሪያው ሥር ክር የመሰለ ነገር ጠጠሩ ላይ ተስቦ አየሁ፣ ጫፉ ላይ ጥፍሬን የምታህል ችግኝ ተተክላለች። አሁን አምስት ሆነዋል።

መልኩን ካያችሁት ግን አስቀያሚ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑን ይወጋዋል፣ እኔ ጎንና ጎኑን በካርቶን ከልዬዋለሁ። የዓሣዎቹም ቀለም እንደዚያኛው አይደምቅም። ፓውዛው ላይ ያለው አይፒ 65 የሚለው የውሃ መከላከያ ደረጃ ደግሞ እንዳያታልላችሁ፤ የሚረጭ ውሃ ይችላል እንጂ ገንዳው ውስጥ ቢወድቅ ይተርፋል ማለት አይደለም። አጥብቃችሁ ስቀሉት። ገመዱንም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ አድርጉት፣ ውሃ ቢወርድበት እዚያው ይንጠባጠባል።

የቀረኝ ጣጣ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር ነው። የሚሽከረከረውን ዓይነት ነው የገዛሁት፣ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ባለፈው ሦስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ መጣ፣ ታይመሩም ሦስት ሰዓት ዘገየ። ሊጠይቁኝ የመጡት እናቴ ሳሎን ተኝተው ስለነበር እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ፓውዛ ስር አፈጠጡ። ብነካው ይይዘኛል ብለው ፈርተው ነው አሉ። ጠዋት «አንተ ልጅ፣ ዓሣውንስ እንቅልፍ አይወስደውም?» አሉኝ። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።