«ኦቨርሆል የተደረገ ካምቢዮ» ልትገዙ ያሰባችሁ ድሬዎች ቆይ አንዴ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረር ያላችሁም። ማኑዋል መኪና ያላችሁ፣ በተለይ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ምናምን የምትነዱ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ሰሞኑን «ኦቨርሆል የተደረገ ነው፣ ገጥመህ መንዳት ብቻ» እየተባለ፣ ማለት ተፈትቶ ታድሷል እየተባለ፣ የሚሸጥ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አለ፣ አሮጌህን አምጣ የተወሰነ ብር ጨምር ይሄን ውሰድ ነው ጨዋታው። ሲሰሙት ያጓጓል። ውስጡ ግን ሰጋቱራ ነው። አዎ ሰጋቱራ፣ አናጺ ቤት ወለል ላይ የሚጠረገው። የሻጩን ስም አልጽፍም፣ አንድ ቦታ ብቻ የሚሰራ ስራም አይመስለኝም፣ ዘዴውን ካወቃችሁት ይበቃል።

የእህቴ ባል ዲኤክስ አለችው። ሞተር አስነስቶ ማርሹ ዜሮ ላይ እያለ «ዋይይይ» ትላለች፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ጸጥ፣ ሲለቅ ተመልሶ ዋይይይ። ማርሽ አትተፋም፣ ሲያስገባም አይንኮሻኮሽም፣ በቃ ድምፅ ብቻ። መኪና የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋር መልሱን ጨርሶታል፣ ሰውየው ግን አስተማሪ ነው እንጂ መካኒክ አይደለም፣ ወሰዳትና ለነዚህ ሻጮች አሳያቸው። ሳይፈቱ፣ ሳይነዷት፣ ታፖ (የዘይቱን መክደኛ ቡሎን) ከፍተው ዘይቱን እንኳን ሳያዩ «ካምቢዮው አልቋል፣ ጥርሱ ተበልቷል፣ ቢሰራም አያዋጣህም» አሉት። መጀመሪያ የሚያስደነግጥ ዋጋ ጠሩለት ከዛ «አሮጌውን ተውልንና እንቀንስልሃለን» ሲሉት ደስ ብሎት ከፈለ፣ የአንድ ወር ዋስትና በአፍ ሰጡት፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። የገጠሙለት ካምቢዮ ደሞ ወላሂ ጸጥ ያለ ነው፣ እዚሁ ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ዞር ዞር ብሎ ሞክሮት በደስታ ቤቱ ገባ።

ከዚራ ላይ ካምቢዮ አይፈተንም አቦ። ሜዳ ነው፣ አጭር ነው፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ትመለሳለህ። ካምቢዮ የሚፈተነው ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት ሐረር ደሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ ያንን ሁሉ ዳገት በሁለተኛና በሶስተኛ ስትጎትት ዘይቱ ይሞቃል ይቀጥናል፣ የተደበቀው ነገር ሁሉ ይወጣል። የሱም እዛው ወጣ። መጀመሪያ ሶስተኛ ላይ ማጓራት ጀመረ፣ ከዛ ሁለተኛ ማርሽ በራሷ እየዘለለች ወደ ዜሮ፣ ዳገት መሀል ላይ፣ ኋላው ሲኖትራክ እየመጣ። ሲመለስ «ዋስትናው በአግባቡ ለሚነዳ ሰው ነው» አሉት። ከዛ ነው እኛ ግቢ አስገብተናት የፈታናት።

ታፖውን ስከፍተው ዘይት አልፈሰሰም፣ እንደ አጥሚት የወፈረ ነገር ቀስ እያለ ወረደ። ግራሶና ወፍራም ዘይት ተደባልቆ፣ መሀሉ ላይ በዘይት የጠቆረ ሰጋቱራ። ጣቴ ላይ አሽቼ ነው ያረጋገጥኩት፣ ብረት ሲሆን ይቧጥጣል፣ እንጨት ሲሆን ይላላጣል። የታፖው ማግኔት ላይ ደሞ የጥፍር ስባሪ የሚያክል ብረት ነበር። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ማየት አያስደነግጥም፣ የማንኛውም የሰራ ካምቢዮ መልክ ነው፣ ስባሪ ካየህ ግን የሆነ ጥርስ ወይ ኩሽኔታ (ሻፍት የሚዞርበት ቀለበት) ተሰብሯል ማለት ነው።

ሰጋቱራው ለምን ይሰራል ለምትሉ፣ ያረጁ ጥርሶች መሀል ያለውን ክፍተት ይሞላና ድምፁን ያፍነዋል፣ ግራሶውም እንደዛው። ለጥቂት ጊዜ። ከዛ ይፈጭና ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል፣ ማርሾቹ ስር ያሉት የመርፌ ኩሽኔታዎች ዘይት ያጣሉ፣ ይነዳሉ፣ ሻፍቱን ይበሉታል። ማለትም ድሮ በኩሽኔታ የሚድን ካምቢዮ ቢሆን እንኳን ከሰጋቱራ በኋላ ሻፍት ነው የምትገዛው። ዓለም ላይ ሁሉ የታወቀ የአሮጌ መኪና ነጋዴ ተንኮል ነው፣ እኛ ጋር ደግሞ ሙቀቱ ያፋጥነዋል።

ዋናው ኪሳራ ግን ብሩ አይደለም። የራሱ ካምቢዮ ነው የሄደው! ዜሮ ላይ ጮሆ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም የሚል ድምፅ ከሞተር ኃይል የሚቀበለው ሻፍት ኩሽኔታ ነው፣ ምክንያቱም ፍሪሲዮን ስትረግጥ ያ ሻፍት መዞር ያቆማል። ጥርሱ ደህና ነበር፣ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስማማው) ደህና ነበር፣ ኩሽኔታ ቀይሮ ብዙ ዓመት የሚነዳበትን ካምቢዮ አስረክቦ በላዩ ላይ ብር ጨምሮ ሰጋቱራ ገዛ። «አሮጌውን ተውልን» ሲሏችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ያለቀ ብረት ከሆነ ለምን እንዲህ ፈለጉት?

ስለዚ ማንም ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ድምፁን ራሳችሁ ለዩት፣ መካኒክ መሆን አይጠይቅም። የላይኛውን ነገርኳችሁ። የዛ ተቃራኒ ከሆነ፣ ማለት ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚጮህ ስትለቁ የሚተው ከሆነ፣ ሬጂስፒንታ (ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚገፋው ኩሽኔታ) ነው፣ ከካምቢዮው ውጪ ነው፣ ማውረዱ ስራ አለው እንጂ ዕቃው ርካሽ ነው፣ በዚ ምክንያት ካምቢዮ የሚያስቀይራችሁን ሰው ሽሹት። አንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚያጓራ ከሆነ የዛ ማርሽ ጥርስ ወይ ስሩ ያለው ኩሽኔታ ነው። አምስተኛ ላይ ብቻ ከሆነማ ዕድለኛ ናችሁ፣ ብዙ የፊት ጎታች ኮሮላ ላይ አምስተኛው ማርሽ ጫፉ ላይ ለብቻው ክዳን ስር ነው ያለው፣ ካምቢዮውን ሳትሰነጥቁ ይደረስበታል። ማርሽ ስታስገቡ «ክርርር» ካለ የሲንክሮናይዘሩ የነሐስ ቀለበት ሳስቷል፣ ወይ ደሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን እዩ። ማርሹ ምንም ይሁን ምን ከመኪናው ፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ደሞ ዲፈረንሻል ወይ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ መሪ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብሉ ድምፁ ከተለወጠ ጎማ ነው፣ ጥግ ድረስ አዙራችሁ ስትነዱ ቀጭ ቀጭ ካለ የሴሚያሱ (ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) መገጣጠሚያ ነው። ይሄን ከፍጥነት ጋር የሚጨምረውን ድምፅ ዜሮ አድርጎ በማንከባለል ይሞክሩታል፣ ሜዳ ላይ ሞክሩ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርጋችሁ እንዳትሞክሩት አደራ።

ሁሉንም ዘይቱ ሞቆ ነው የምትሞክሩት። ሻጭ ጠዋት በቀዝቃዛው «ና አድምጥ» ቢላችሁ ከሰዓት በኋላ እንምጣ በሉት። ከሰዓት ሁሉም በርጫ ላይ ነው ካላችሁም ማታ ይሁን።

ሳትገጥሙ የምትገዙት ከሆነ ታፖውን እዛው አስከፍታችሁ ጣት አስገቡ። ዘይት ብቻ መሆን አለበት። ግራሶ ካለ፣ የሚንጠባጠብ ሳይሆን የሚጎተት ነገር ካለ፣ ሂዱ። ሻፍቱን በእጃችሁ አዙሩት፣ ወደ ጎን ነቅንቁት፣ እያንዳንዱን ማርሽ እያስገባችሁ አዙሩ። ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ወይ ሲሊኮኑ አዲስ ሆኖ ቡሎኖቹ ላይ የቁልፍ ምልክት ከሌለ ደሞ ማን ፈትቶት ነው ኦቨርሆል የተደረገው? ሽፋኑን ብቻ በናፍጣ አጥቦ ብርማ ቀለም መቀባት ኦቨርሆል አይደለም። የምር የሰራ ሰው አውጥቶ የጣለውን አሮጌ ኩሽኔታ ያሳያችኋል።

ግቢ ውስጥ ራሳችን እንፈታለን ለምትሉ፣ ይቻላል፣ ድሬ ደሞ የሸመንደፈር ከተማ ናት፣ ባቡሩ ከገባበት እ.ኤ.አ. 1902 ጀምሮ ብረት የሚያውቅ ሰው ጠፍቶባት አያውቅም፣ የሚያግዛችሁ ሽማግሌ ሰፈራችሁ ውስጥ ይኖራል። ክሪክ ላይ ብቻ አንጠልጥላችሁ ስር እንዳትገቡ፣ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ይኑር። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ሞተሩን ከስር ደግፉት፣ ሲወርድ ሁለት ሰው ያዙት። አንድ ቀን የሚያድናችሁ ነገር ልንገራችሁ፣ ዘይት ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያው ታፖ መከፈቱን አረጋግጡ፣ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው እንቢ ካለ መኪናዋ እዛው ቆማ ትቀራለች። ስትፈቱ በስልክ ፎቶ እያነሳችሁ፣ እያንዳንዱን የነሐስ ቀለበት ከራሱ ማርሽ ጋር በሽቦ እያሰራችሁ፣ አይደባለቁም። ቀለበቱን ማርሹ ላይ ጫን አድርጋችሁ አዙሩት፣ መንከስ አለበት፣ የሚንሸራተት ከሆነና በመሀላቸው ያለው ክፍተት ሊያልቅ ከደረሰ ይቀየራል። ኩሽኔታ በማርቴሎ እየደበደቡ ማስገባት ነው ብዙውን ስራ የሚገድለው፣ ሻፍት ላይ ሲገባ የሚገፋው የውስጠኛው ቀለበት ብቻ ነው፣ ልኩ የሆነ ቱቦ ፈልጉ፣ ወይ ኩሽኔታውን ዘይት ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ አሙቁት በራሱ ይገባል፣ ከ120 አታሳልፉት ብረቱ ይበላሻል። ፓራኦሊዮዎቹን (የዘይት ማገጃ ጎማዎቹን) በሙሉ ቀይሩ፣ ርካሽ ናቸው፣ ለነሱ ብሎ ድጋሚ የሚያወርድ ሰው የለም።

ኩሽኔታ ስትገዙ በመኪና ስም አትጠይቁ፣ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ 6205 ካለ ውስጡ 25 ሚሊ፣ ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች በ5 ሲባዙ የውስጡን ስፋት ይሰጣሉ (ከ04 ጀምሮ ላሉት ነው)። ታዋቂ ስም የተጻፈበት አስመስሎ የተሰራ ኩሽኔታ ዓለም ላይ ሞልቷል፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ ሲነጻጸር ግማሽ ከሆነ ስሙን አትመኑ።

ዘይት ላይ «ለድሬ ሙቀት 140 ነው የሚሆነው» የሚል አለ (140 የዘይቱ ውፍረት ቁጥር ነው)፣ ወፍራም ዘይት ድምፅ ይደብቃል እንጂ አያድንም፣ ማርሽም ያከብዳል። የመኪናው ማኑዋል የሚለውን ግቡ፣ የነሐስ ሲንክሮ ላላቸው አብዛኞቹ ደረጃው ጂኤል 4፣ ውፍረቱ 75 ደብልዩ 90 ነው፣ ከመሙያው ቀዳዳ መንጠባጠብ ሲጀምር ሞልቷል።

ደረሰኝ ነገር ደሞ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስ የማለት መብት ይሰጣችኋል፣ ግን ወረቀት ከሌለ ከማን እንደገዛችሁት በምን ታሳያላችሁ? ደረሰኙ ላይ «ኦቨርሆል የተደረገ ካምቢዮ» ብለው ይጻፉ፣ የተቀየሩት ዕቃዎች ይዘርዘሩ፣ ዋስትናውም ከነቀኑ ይጻፍ። አንጽፍም ካሉ መልሱን ሰጥተዋችኋል።

እኛ እስካሁን ሁለተኛና ሶስተኛ ማርሽ ከሌላ ከተፈታ ካምቢዮ እየፈለግን ነው፣ ያለው ሰው ውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እና አንድ ነገር፣ የእህቴ ባል የራሱ ካምቢዮ በዚ ሰዓት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ለሽያጭ እየተጠበቀ ነው። የፍሪሲዮኑ ቤት ጋ አንዱ የቡሎን ጆሮ ድሮ ተሰብሮ በአልሙኒየም ብየዳ የተሰራ ነው፣ ብየዳው ወፈር ብሎ ያስታውቃል። እሱን «ኦቨርሆል የተደረገ» ብለው ካመጡላችሁ ሰጋቱራውን አስወጥታችሁ በደንብ አጥቡት፣ የፊተኛውን ኩሽኔታ ቀይሩ፣ ቶሎ ከደረሳችሁለት ጥርሱ ደህና ነው። ዋጋውን ግን ተከራከሩ።