አዲስ የባስ ጀልባ ስናዝዝ ለረዱን የሽያጭ ባለሙያ ምስጋና፣ ለማዘዝ ላሰባችሁም ጥቆማ

በዳላስ፣ በጋርላንድ እና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው አዲስ የባስ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ስናዝዝ እንደ አባት መክረው፣ ለኪሳችንም ለደኅንነታችንም አስበው ያስተናገዱንን አንድ አረጋዊ የሽያጭ ባለሙያ ለማመስገን ነው። የሚሠሩት ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሌክ ፎርክ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የጀልባ መሸጫ ነው። ስማቸው በይፋ እንዲነሣ አልፈለጉም፤ ፈቃዳቸውን አክብሬ አልጽፈውም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን ስማቸውንም የሥራ ስልካቸውንም እሰጣለሁ፤ ይህን እንዳደርግ ፈቅደውልኛል።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የባስ ጀልባ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ላይ ቆሞ መንጠቆ ለመወርወር የሚያመች ሰፊ መድረክ ያለው፣ ከኋላ ትልቅ የቤንዚን ሞተር፣ ከፊት ደግሞ ድምፅ የሌለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት ጀልባ ነው። ስኪተር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያውን ከሠራ ወዲህ ዓይነቱ በዝቷል። ስኪተር ዛሬ የሚሠራው እዚሁ ቴክሳስ፣ ኪልጎር ከተማ ነው። ፎረስት ውድ በ1968 በአርካንሶ ፍሊፒን ውስጥ የመሠረቱት ሬንጀር አለ። ጀልባውን፣ ሞተሩን እና ተጎታቹን አንድ ላይ አድርጎ በአንድ ዋጋ መሸጥ የጀመረው ትራከርም አለ። እያንዳንዱ ኩባንያ ብዙ ሞዴል፣ እያንዳንዱ ሞዴል ደግሞ ገጽ ሙሉ ተጨማሪ ዕቃ አለው። ከዚያ ሁሉ መሃል ለራስ የሚሆነውን መለየት ሰው ይፈልጋል።

እኚህ አባት ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ጥያቄ ጀመሩ። አብዛኛውን ጊዜ የምትወጡት የትኛው ሐይቅ ላይ ነው? ከማን ጋር? ጀልባውን የሚጎትተው መኪና ምንድን ነው? ሌሊት የሚያድረውስ የት ነው? ቀደም ብሎ የሄድንበት ሌላ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ በወር ስንት መክፈል እንደምንችል ነበርና ልዩነቱ ወዲያው ተሰማኝ። ባለቤቴም በአማርኛ «ሰውዬው ሊያውቁን ነው የፈለጉት» አለችኝ።

የሐይቁ ጥያቄ ብቻውን ረጅም ጨዋታ ሆነ። እኛ ከሥራ በኋላ የምንሄደው ለቤታችን ቅርብ ወደሆነው ሬይ ሃበርድ ነው፤ ቅዳሜ ሲመቸን ደግሞ ሌክ ፎርክ። ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሬይ ሃበርድ ከ20 ሺህ ኤከር በላይ የሆነ ገላጣ ውሃ ነው፤ የደቡብ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ይደራረባል። እንዲህ ባለው ውሃ ላይ ከበድ ያለ የፋይበርግላስ ጀልባ ማዕበሉን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ቀለል ያለው አሉሚኒየም ግን ይንጣል። ሌክ ፎርክ ግን ግድቡ ሲሞላ ሳይቆረጡ የቀሩ ዛፎች እስካሁን በውስጡ የቆሙበት፣ ከውሃው በታች ጉቶ የሞላበት ሐይቅ ነው። የቴክሳስ ክብረ ወሰን የሆነው 18.18 ፓውንድ የሚመዝነው ባስ እ.ኤ.አ. በ1992 የተያዘው እዚያ ነውና ሰው ጉቶውን እያወቀ ይሄዳል። በዚያ መሃል ቀስ ብሎ መሄድ ግድ ነው፤ ጉቶ ሲነካም አሉሚኒየም ብዙውን ጊዜ ጎድጎድ ብሎ ያልፋል፤ ፋይበርግላስ ግን ሊሰነጠቅና ውድ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? እርሳቸው «የሁለቱን ሐይቆች መልስ ለጊዜው እናቆየውና መኪናችሁን እንይ» አሉ። መኪናችን ባለ ስድስት ሲሊንደር ቶዮታ ሃይላንደር ነው፤ የመጎተት አቅሙ እስከ 5000 ፓውንድ ነው። ወረቀትና እርሳስ አውጥተው የ21 ጫማውን ጀልባ፣ ባለ 250 የፈረስ ጉልበት ሞተሩን፣ ባለ ሁለት አክስል ተጎታቹን፣ ባትሪዎቹን፣ ዕቃውን ደመሩ። ቤንዚን በጋሎን 6 ፓውንድ ገደማ እንደሚመዝን፣ 40 ጋሎን ሲሞላ ብቻውን ወደ 240 ፓውንድ እንደሚጨምር አስታወሱን። ድምሩ ለገደቡ በጣም ተጠጋ። መኪናው ውስጥ አራት ሰው ሲቀመጥ፣ ከሐይቁ ዳር ያለውን እርጥብና ቁልቁል መውጫ ይዞ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ይህን ያሉት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣውን ጀልባ ከጎናቸው አቁመው ነው። ያንን ቢሸጡልኝ የሚያገኙት ኮሚሽን የበለጠ እንደነበር ግልጽ ነው።

ቀጥሎ ጋራዥ። የምንኖርበት ሰፈር ደንብ ጀልባ ደጅ ላይ ማሳደር ይከለክላል፤ በዚህ አካባቢ ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ ናችሁ። እርሳቸውም በሜትር ለክተን እንድንመጣ ወደ ቤት መለሱን። ለክተን ስንመለስ የተጎታቹ አፍንጫ ወደ ጎን የሚታጠፍ ሆኖ እንዲታዘዝ፣ ሞተሩም ሲቆም ወደ አንድ ጎን እንዲዞር መከሩን፤ ይህ ሁለት ጫማ ገደማ ያተርፋል። በካታሎግ ላይ የተጻፈው ርዝመት የጀልባው ብቻ መሆኑን፣ ሞተሩና ተጎታቹ ሲጨመሩ ግን ከዚያ በጣም እንደሚረዝም የነገሩንም እርሳቸው ናቸው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ እንኳን ደስ ይለኛል።

በዚህ መንገድ ምርጫው ራሱ ጠበበ። ከ18 ጫማ ከፍ የሚል፣ ወገቡ ሰፋ ያለ የአሉሚኒየም ጀልባ ሆነ። የሬይ ሃበርድን ነፋስ ግን አልረሱትም፤ ባለ ሁለት ኮንሶል (በሾፌሩም በጎኑ በሚቀመጠውም ሰው ፊት ከለላ ያለው) እንድናዝዝ አጥብቀው መከሩ፤ በክረምት ጠዋት ከጎኔ የምትቀመጠው ባለቤቴ ፊቷ ላይ የሚመታውን ነፋስ የሚከላከል ነገር እንዲኖራት ብለው።

ሁልጊዜ «ቀንሱ» የሚሉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። በሞተሩ ላይ ወደ ላይ ነው የገፉን። ከ20 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ አምራቹ ስንት ሰው፣ ስንት ፓውንድ እና እስከ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚችል የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲለጥፍ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። የእኛ ሰሌዳ እስከ 115 ይፈቅዳል፤ ከፋብሪካ የሚመጣው መነሻ ሞተር ግን ያነሰ ነበር። ርካሹን ብትወስዱ ቤተሰቡ ሁሉ ሲሳፈር ጀልባው ከውሃው በላይ ለመነሣት ይቸገራል፤ ሞተሩም ዘወትር በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ይለፋል፤ ልትሸጡትም ስትፈልጉ ገዢ ታጣላችሁ አሉን። ባለ 115ቱን ሜርኩሪ አዘዝን።

ተጨማሪ ዕቃዎቹን የለዩበት መንገድ ደግሞ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ነበር። ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ከፈሉት። በአንድ ወገን ከፋብሪካ ካልመጣ በኋላ ለመጨመር የሚያስቸግረውን ወይም እጥፍ የሚያስከፍለውን ጻፉ፤ የሞተሩ ጉልበት፣ ሁለተኛው ኮንሶል፣ የተጎታቹ ፍሬን፣ ወፍራሙ የኤሌክትሪክ መስመር። በሌላው ወገን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በአንድ ከሰዓት የሚገጠመውን ጻፉ፤ ከውሃው በታች ያለውን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ሁለተኛ የሶናር ስክሪን፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ጀልባውን ተክሎ የሚያቆመው ፓወር ፖል፣ ተጨማሪ መብራት። ከዚያ ገንዘባችንን በመጀመሪያው ወገን ላይ አዋሉት። ለፓወር ፖሉ መስመሩ ብቻ እንዲዘረጋ አዘዙ፤ ስንፈልግ እንገጥመዋለን።

ስለ ተጎታቹ ፍሬን ትንሽ ልጨምር። በቴክሳስ ሕጉ ፍሬን የሚያስገድደው ጠቅላላ ክብደቱ ከ4500 ፓውንድ በላይ ለሆነ ተጎታች ነው፤ የእኛ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ማንም ሻጭ ሳያነሣው ሊያልፍ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን በሀይዌይ 30 ላይ ፊታችሁ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ሕጉ አይደለም የሚያቆማችሁ ብለው በትዕዛዙ ውስጥ አስገቡት። ትርፍ ጎማም እንዲሁ። ለዚህ እጅ እነሣለሁ።

የፊቱን የኤሌክትሪክ ሞተር በተመለከተ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት ነው። በዚያ ስሌት ለእኛ ከ50 ፓውንድ ትንሽ ያለፈ ይበቃ ነበር። ነፋስ ባለበት ገላጣ ውሃ ግን ስሌቱ ያንሳል ብለው ባለ 24 ቮልት፣ 80 ፓውንድ የሚገፋውን መረጡልን፤ ያለ መልሕቅ በጂፒኤስ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ዓይነት። ባለ 36 ቮልቱ ለትልቁ ጀልባ ነው፤ ሦስት ባትሪ ይፈልጋል፤ ክብደቱም ዋጋውም ይጨምራል። ሊቲየም ባትሪ ከተለመደው ከግማሽ በታች ስለሚመዝን ለቀላል ጀልባ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቻርጀሩ ለሊቲየም የተሠራ መሆን አለበት፤ ዋናውን ሞተር የሚያስነሣው ባትሪም የሞተሩ አምራች የሚቀበለው ዓይነት መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ፤ ዋስትናው እንዳይበላሽ። ይህን ሁሉ ከሽያጭ ክፍል ሳይሆን ከጥገናው ክፍል ባለሙያ ጋር አገናኝተው አስረዱን።

የዓሣ ማቆያ ገንዳውን ትልቅ ልናደርገው ነበር። በፎርክ ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለው ባስ ወዲያው ወደ ውሃው መመለስ አለበትና፣ ለውድድር ለማይወጣ ሰው አንድ ጥሩ ገንዳ በቂ መሆኑን አስረድተው ያንን ገንዘብ አስቀሩልን። ቀለሙንም ቢሆን ጥቁሩ ፎቶ ላይ እንደሚያምር፣ በነሐሴ ሙቀት ግን በባዶ እግር እንደማይረገጥ ነግረው ወደ ነጣ ያለው መለሱን።

ዋጋው ላይ ሲደርስ ከፋብሪካ የማጓጓዣውን፣ የመገጣጠሚያውን፣ የሰነዱን ክፍያ እና 6.25 በመቶ የሆነውን የቴክሳስ ታክስ በየመስመሩ ጽፈው፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደሆነ እየነገሩ የመጨረሻውን ድምር አሳዩን። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ወረቀቱን ይዘን ሄደን እንድናስብበት ሰጡን። በቴክሳስ ጀልባውና ሞተሩ ለየብቻ የባለቤትነት ሰነድ አላቸው፤ ሁለቱም በቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ በኩል ይወጣሉ፤ የተጎታቹ ደግሞ በካውንቲው የታክስ ቢሮ። ሁሉንም ራሳቸው ተከታትለው ጨረሱልን።

የርክክቡ ዕለት ያደረጉትን ግን አልረሳም። ቁልፍ ሰጥተው አላሰናበቱንም። አብረውን ውሃ ላይ ወጡ፤ ባለቤቴና ልጆቹ፣ ዕቃውም ቤንዚኑም ሁሉ ተጭኖ። ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በደቂቃ ከ5000 እስከ 6000 ዙር ውስጥ መሆን አለበት፤ የእኛ ሙሉ ጭነት ይዞ ከዚያ በታች ቀረ። ፕሮፔለሩ ለጭነታችን ከባድ ሆኗል ብለው ወደ መሸጫው መልሰው፣ ፒቹ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 እንደሚጨምር እያስረዱ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ ለወጡልን። ዳግመኛ ወጣን፤ ልክ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን እኛ የማናውቀውን ጉድለት አንሥቶ ሥራ በራሱ ላይ አይጨምርም ነበር።

ሾፌሩ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ እንዴት እንደማስር፣ ከሐይቅ ስንወጣ በሕጉ መሠረት ውሃውን ሁሉ ከየት ከየት እንደማፈስ አሳዩኝ። የልጆቹን የሕይወት አድን ጃኬት አንድ በአንድ በራሳቸው እጅ ለክተው አጠበቁ። ትልቁን ልጄን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 1993 ወዲህ የተወለደ ሰው እንዲህ ያለውን ጀልባ ለመንዳት ትምህርቱን መውሰድ እንዳለበት ነግረው «ሰርተፊኬትህን ይዘህ ና፣ መጀመሪያ የምትነዳው እኔ ባለሁበት ነው» አሉት። ልጁ አሁን እያጠና ነው።

እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጀልባና ዓሣ ከልጅነቴ በልቤ አሉ። እንዲህ ባለ ትልቅ ግዢ ላይ ግን በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ የሚያምኑት ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ማዘዝ የምታስቡ ካላችሁ ወደ እርሳቸው ስትሄዱ የጋራዣችሁን ልክ እና መኪናችሁ የሚጎትተውን ክብደት የሚገልጸውን መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው። ጀልባው ከፋብሪካ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ለፀደይ የምትፈልጉ በመከር ጀምሩ። ቅዳሜ ሰው ይበዛባቸዋል፤ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ሰፊ ጊዜ ይሰጧችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት የእኛን ጀልባ ወጥታችሁ ማየት የምትፈልጉም ንገሩኝ፤ ሬይ ሃበርድ ላይ አወጣችኋለሁ።

ለእርሳቸው፣ ለጥገና ክፍሉ ባለሙያዎችም፣ ከመላው ቤተሰቤ ጋር እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።