በ150 ብር ስለገዛኋት የንስሓ መጽሐፍ

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ከምትገኝ፣ መቁጠሪያ፣ ሻማና መንፈሳዊ መጻሕፍት ከምትሸጥ አነስተኛ ሱቅ፣ ስለ ካቶሊካዊ ምሥጢረ ንስሓ የምታስረዳ ባለ 48 ገጽ መጽሐፍ በ150 ብር ገዛሁ። ወረቀቷ ከመሳሳቱ የተነሣ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል፤ በዚህ ዋጋ ግን ቅር አያሰኝም።

የመጀመሪያው ክፍል የሚመሰገን ነው። አንድ ኃጢአት የሞት ኃጢአት የሚሆነው ጉዳዩ ከባድ ሲሆን፣ ሰውየውም ክብደቱን እያወቀና በሙሉ ፈቃዱ ሲፈጽመው መሆኑን፣ በዛቻ ተገድዶ በሐሰት የመሰከረን ሰው ምሳሌ አድርጋ ታስረዳለች። ተነሳሒው የሚያስታውሳቸውን ከባድ ኃጢአቶች በዓይነትና በቁጥር መናዘዝ እንዳለበት፣ ከልቡ መርምሮ የረሳው ግን ከሌሎቹ ጋር እንደሚሰረይለትና ሲያስታውሰው በሚቀጥለው ኑዛዜ እንደሚናገረው የጻፈችበት አንቀጽ፣ እንደ እናቴ «አንዱን ዘልዬ ይሆን?» እያሉ ለሚብሰለሰሉ ሰዎች ብቻውን ዋጋዋን ያወጣል። ካህኑ የሰማውን እንዳያወጣ ስለሚከለክለውና ከቤተ ክርስቲያን እስከ መወገዝ ስለሚያደርሰው ሕግ ግን ሁለት መስመር ብቻ መጻፏ ያሳዝናል።

ችግሩ ፅንስ ስለ ማስወረድ የሚናገረው ምዕራፍ ነው። «ሊፈታ የሚችለው ጳጳሱ ወይም እርሱ የወከለው ካህን ብቻ ነው» ትላለች፤ ነገር ግን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በምሕረት ኢዮቤልዩ ዓመት ለጊዜው ሰጥተውት የነበረውን ሥልጣን በኅዳር 2009 ዓ.ም. አጽንተው፣ ማንኛውም የሚያናዝዝ ካህን ይህን ኃጢአት እንዲፈታ ፈቅደዋል። ከዚህም ሌላ፣ አድራጊዋ ያለ ማንም ፍርድ በድርጊቱ ብቻ ትወገዛለች የሚለው አገላለጽ የምዕራቡን (የላቲን) ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች ከሚተዳደሩበት ከ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) የላቲን ሕገ ቀኖና የተወሰደ ነው። የአዲስ አበባ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት የግእዝ ሥርዓት ተከታይ በመሆኑ የሚተዳደረው በ1990ው (እ.ኤ.አ.) የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ሲሆን፣ በዚያ ደግሞ ውግዘት በሕጋዊ ሂደት ካልተላለፈ በቀር በራሱ አይወድቅም። ኃጢአትነቱን ሁለቱም አይክዱም፤ ለአዲስ አበባ አንባቢ ተብሎ ሲጻፍ ግን ልዩነቱ ሊዘለል አይገባውም ነበር።

ሱቁ ለማያ ያስቀመጠው ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ በራሱ የሚከፈተው እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው፤ ጠርዙም በጣት ብዛት ጠቁሯል። ቆመው አንብበው ሳይገዙ የሄዱት ሰዎች የያዙት እንግዲህ ያንኑ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ነው። ለሻጯ ብነግራቸው እርማቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፤ ባለፈው ሳምንት ጎራ ስል ገጹ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት።