አልኒኮ ወይስ ሴራሚክ? ሁለት ሃምባከሮች በጎንደር መድረክ

ሃምባከር የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮችን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ክፍል ነው፤ ማግኔቱ አልኒኮ (የብረት ቅይጥ) ወይም ሴራሚክ ሊሆን ይችላል። ጉምጉምታን በማጥፋት ሁለቱ አይበላለጡም። ሃምባከር ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉት፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሠሩ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚገባው የ50 ኸርዝ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በጥር ሠርግ ከጄኔሬተር አጠገብ ለሚጫወት የጎንደር ጊታሪስት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ልዩነቱ ቃናው ላይ ነው። ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ለጊታር አምራቹ ጊብሰን የነደፈውን የሚከተሉት፣ አልኒኮ ማግኔትና 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ሬዚስታንስ ያላቸው፣ ድምፃቸው ሞቅ ያለና ጥርት ያለ ነው። ጣት ሲለሰልስ ይለሰልሳሉ፤ ሲበረታ ይቆጣሉ። ትዝታን በቀስታ ለሚያንጎራጉር፣ በተለይ ከማሲንቆ ጋር ለሚሰለፍ፣ እኔ ያለማመንታት እነዚህን እመርጣለሁ። ማሲንቆ የመካከለኛውን ድምፅ ስፍራ አስቀድሞ ይይዘዋልና ጊታሩ ሊጋፋው አይገባም።

ሴራሚኩ ደግሞ መጋፋት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው፣ የሃምባከር አምራቹ የዲማርዚዮ ሱፐር ዲስቶርሽን ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፦ ሽቦው ብዙ፣ ሬዚስታንሱ ከ13 ኪሎ ኦም በላይ፣ መካከለኛ ድምፁ ወፍራም። ባለ ቱቦ ማጉያን ገፍቶ ያስጮኸዋል፤ ለሮክ ግሩም ነው። ጣት ሲለሰልስ ግን ያን ያህል አይለሰልስም።

ሁለቱንም የሚፈልግ አልኒኮውን በአንገቱ በኩል፣ ሴራሚኩን በድልድዩ በኩል ይግጠም። ሴራሚኩ ከበዛበት ብሎኑን ፈታ አድርጎ ከክሮቹ ትንሽ ያርቀው።